የመኪና ሙዚቃን በትንሽ ገንዘብ ማሳመር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኪሳቸው ብዙ ሳይጎዳ የመኪናቸው ድምፅ እንዲያምር የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው። ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

ምንም ዕቃ ሳልገዛ ድምፁን ማሻሻል ይቻላል?

ይቻላል። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ። መጀመሪያ የሙዚቃውን ምንጭ እዩ። ዘፈኑ በጣም ተጨምቆ የተቀመጠ ከሆነ ምርጥ ስፒከርም አያድነውም። ከኢንተርኔት የምታዳምጡ ከሆነ የመተግበሪያውን የድምፅ ጥራት ከፍተኛው ላይ አድርጉት። በብሉቱዝ ወይም በኦክስ (ስልክ በገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ) ስትጠቀሙ ደግሞ የስልኩን ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠጉና ከፍ ዝቅ ማድረጉን ለቴፑ ተዉለት። የስልኩ ድምፅ ዝቅ ብሎ ቴፑ ሲጮህ አብሮ የሚጎላው ሹሹታ ነው።

ቀጥሎ የቴፑን ሴቲንግ ክፈቱ። ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) ትሬብሉም (ቀጭኑ ድምፅ) መጨረሻ ድረስ ተጨምሮ የተተወ መኪና ብዙ ነው። ሁሉንም ወደ ዜሮ መልሱ። ከዚያ የበዛባችሁን ቀንሱ። ጎደለ የምትሉትን ከመጨመር የበዛውን መቀነስ ይሻላል፤ ቤዝ በጨመራችሁ ቁጥር ቴፑ አቅሙ ቶሎ ያልቅና ድምፁ መሰባበር ይጀምራል። ድምፁን ትንሽ ወደ ፊት ስፒከሮች አድሉት፤ ዘፋኙ ከፊታችሁ መሰማት አለበት። የበር ኪስ ውስጥ ያሉ ሳንቲሞችንና ጠርሙሶችንም አውጡ። "ስፒከሩ ተቀደደ" የተባለው ነገር አንዳንዴ የሚንቀጠቀጥ ፕላስቲክ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘቤ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ልግዛ?

የፊት በር ስፒከሮችን። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚገጠምላቸው ስፒከር ቀላልና ርካሽ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ኮኑ፣ ማለትም የሚንቀጠቀጠው የፊቱ ክፍል፣ ስስ ወረቀት፣ ማግኔቱም ትንሽ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ የኮኑ ጠርዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ያኔ ቤዙ ይሞታል፤ ድምፁ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

የኋላዎቹን ለጊዜው እርሷቸው። ባለው ገንዘብ አራት መካከለኛ ስፒከር ከመግዛት ሁለት ጥሩ የፊት ስፒከር መግዛት በብዙ ይበልጣል። ሾፌሩም አጠገቡ ያለውም የሚሰሙት የፊቱን ነው።

ቴፑን መቀየር የግድ ነው?

ብሉቱዝ ስለሌለው ብቻ ከሆነ አይደለም። ኦክስ ካለው እዚያ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ በርካሽ ይገኛል። የካሴት ቴፕ ከሆነም ካሴት መስሎ የሚገባ ባለ ሽቦ አዳፕተር አለ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክተው በኤፍኤም የሚያስተላልፉት ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁኑ። ድምፁ በሬዲዮ ሞገድ ስለሚያልፍ ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ይቆረጣል። ጣቢያ በበዛበት አካባቢ ደግሞ የሌላ ጣቢያ ድምፅ ይገባበታል።

ቴፕ መቀየር የሚያዋጣው ወደፊት አምፕሊፋየር (የድምፁን ኃይል የሚያጎላ ዕቃ) ለመጨመር ካሰባችሁ ነው። ያኔ ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ከኋላው ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው የአርሲኤ መውጫ፣ ቤዙን ከትናንሽ ስፒከሮች የሚያስቀረው ሃይ ፓስ የሚባለው ማጣሪያ፣ እና ከሦስት በላይ መስመር ያለው ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ)። ትልቅ ስክሪን ያለው ርካሽ ቴፕ ያማልላል፤ ገንዘቡ ግን የሄደው ለስክሪኑ ነው። በዚያው ዋጋ ስክሪን የሌለው፣ ስሙ የታወቀ ቴፕ ብትገዙ ጆሯችሁ ያመሰግናችኋል። ልኩንም አትርሱ፤ ነጠላው 18 በ5 ሴንቲሜትር፣ ድርቡ 18 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ካርቶኑ ላይ "1000 ዋት" ይላል። እውነት ነው?

ያ ቁጥር ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ኃይል ነው የሚናገረው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ለሽያጭ የተጻፈ ነው። መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው ነው። አርኤምኤስ ማለት ዕቃው ሳይቃጠል ያለማቋረጥ የሚችለው ኃይል ነው። ይህ ቁጥር ካርቶኑም ላይ መመሪያው ላይም ከሌለ ዕቃውን መልሳችሁ አስቀምጡት። ሻጩ ምንም ቢያወራ አትግዙ።

ቴፑም ላይ እንዲሁ ነው። "4 በ50 ዋት" ተብሎ የተጻፈበት ቴፕ በእውነት የሚሰጠው በእያንዳንዱ ስፒከር ወደ 20 ዋት አካባቢ ነው። ከመኪናው ባትሪ የሚያገኘው 14 ቮልት ገደማ ስለሆነ ከዚያ ብዙም ማለፍ አይችልም።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። ኃይል በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ ጮኸ እንዲመስለን ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፤ ይህም የኃይሉ 10 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ በ50 ዋትና በ60 ዋት ስፒከር መካከል ያለውን ልዩነት ማንም አይሰማውም። ለዚያች ልዩነት ገንዘብ አትጨምሩ።

ያለ አምፕሊፋየር አዲስ ስፒከር ብገጥም ለውጥ ይኖረዋል?

ይኖረዋል፤ ግን በትክክል ከመረጣችሁ ነው። እዚህ ጋ የሚወስነው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ ስፒከሩ በተሰጠው ትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል። በቴፑ ኃይል ብቻ የሚሠራ ከሆነ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ። 87 ዴሲቤል የሆነው፣ እኩል እንዲጮህ የዚህን እጥፍ ኃይል ይጠይቃል።

ከባድ ማግኔትና ወፍራም ኮን ያለው ውድ ስፒከር በቴፕ ብቻ ሲነዳ ከድሮው ይልቅ ሊደክም ይችላል። ሰዎች "ይህን ሁሉ ከፍዬ ምንም አልተለወጠም" ሲሉ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስፒከሩ መኪናዬ ላይ እንደሚገባ እንዴት አውቃለሁ?

በሩን ከፍታችሁ ለኩ። ብዙ መኪኖች የፊት በር ላይ 6.5 ኢንች፣ ማለትም 16.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፒከር ይይዛሉ፤ የሁሉም ግን አንድ አይደለም። ከስፋቱ በላይ ሰው የሚዘነጋው ጥልቀቱን ነው። መስኮቱን እስከ ታች አውርዱና ስፒከሩ ከሚታሰርበት ብረት እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ማግኔቱ መስታወቱን ከነካ ነገር ተበላሸ።

ክፍተቱ ትንሽ ካነሰ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት የተሠራ ቀለበት ስፒከሩን ወደ ውጭ ያወጣዋል። የእንጨት ከሆነ ውሃ እንዳይገባው ቀለም ቀቡት።

ኮአክሲያል ይሻላል ወይስ ኮምፖነንት?

ኮአክሲያል ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) መሃሉ ላይ የተቀመጠለት ነው። ኮምፖነንት ደግሞ ትዊተሩ ለብቻው ከፍ ብሎ ይገጠማል፤ ድምፁን የሚከፋፍል ክሮስኦቨርም አብሮት ይመጣል። ኮምፖነንት በጥሩ ቦታ ከተገጠመ ዘፋኙ ዳሽቦርዱ ላይ የቆመ ያህል ያስመስላል። ገንዘብ ለጠበበበት ሰው ግን ጥሩ ኮአክሲያል ከርካሽ ኮምፖነንት ይሻላል። መኪናው መስታወቱ አካባቢ የትዊተር ቦታ ከነሽቦው ካለው ብቻ ሐሳባችሁን ቀይሩ።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ያዋጣል?

እጅግ ያዋጣል፤ ከሁሉም በላይ አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ላይ። ጥሩ አምፕሊፋየር በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል። የታወቀ ስም ያለው አሮጌ አምፕ ከማይታወቅ አዲስ አምፕ በአብዛኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ስፒከር ስትገዙ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶቻችሁ ዙሪያውን እኩል ይዛችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ሳይፈገፍግ መመለስ አለበት። የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ያለው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። ጠርዙን በጣት ነካ ነካ አድርጉ፤ ስፖንጁ ከፈረፈረ ተዉት። ከዚያ በመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ለኩት። ባለ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከር ከ3 እስከ 4 ባለው መካከል ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። አምፕሊፋየሩን ደግሞ አሽትቱት። የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም ብሎኖቹ ተፈተው የተመለሱ ከመሰለ፣ ሲሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ።

ስፒከር ቀየርኩ፤ ግን ብዙ ለውጥ አልሰማሁም። ምን ጎደለ?

በሩ። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ከሁሉ በላይ ሊያተኩርበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ሻጮች ስለማያተርፉበት ግን ማንም አያወራውም።

ስፒከር ወደ ፊት ድምፅ ሲያወጣ ወደ ኋላም እኩል ያወጣል። የኋላው ከፊቱ ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያጠፋል። በዚህ የሚጎዳው ቤዙ ነው። የበሩ ውስጥ ብረት ደግሞ ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ የኋላው ድምፅ በእነዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ስፒከሩ ራሱ ልል ብሎ ታስሮ ከሆነ በጠርዙም ይወጣል። በደንብ ያልታሰረ ስፒከር ቆዳው ያልተወጠረ ከበሮ ነው፤ የቱንም ያህል ብትመቱት አይናገርም።

ስለዚህ ስፒከሩንና ብረቱን የሚያገናኘው ዙሪያ ላይ ስፖንጅ ላስቲክ አድርጉና ብሎኖቹን አጥብቁ። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች በሚለጠፍ የድምፅ መከላከያ ሽፋን ድፈኑ። ከስፒከሩ ጀርባ ባለው የውጭ ብረት ላይም አንድ ቁራጭ ለጥፉ። በሩን በሙሉ ማልበስ አያስፈልግም፤ ሰፊውን ብረት መሃሉ ላይ መያዝ ይበቃል። በጣት ቆርቆር ስታደርጉት "ቲንን" ይል የነበረው "ዱም" ካለ ሠርቷል። የሚንቀጠቀጡ ሽቦዎችንና ዘንጎችን በስፖንጅ ጠቅልሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የበሩ ግርጌ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በፍጹም አትድፈኑ፤ የዝናብ ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ለቤት ጣሪያ ተብሎ የተሠራውን ሬንጅ ያለበት ሽፋንም አታስገቡ። ዋጋው ይስባል፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይወርዳል። ቡቲል ከሚባለው ላስቲክ የተሠራውን ምረጡ።

ቤዝ እፈልጋለሁ። ትልቅ ሰብዉፈር ልግዛ?

መጀመሪያ በሩን ሥሩና እንደገና አዳምጡ። ፍላጎታችሁ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። አሁንም ከጎደላችሁ ባለ 10 ኢንች አንድ ሰብዉፈር በዝግ ሳጥን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ዝግ ሳጥን ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ለመሥራት ቀላል ነው፤ ቤዙም ጥርት ይላል። ቀዳዳ ያለው ሳጥን በእኩል ኃይል የበለጠ ይጮኻል፤ ግን ስሌቱ ከተሳተ ያጉረመርማል። ቦታ ለሌለው ደግሞ አምፑ አብሮት የተሠራ፣ ወንበር ሥር የሚገባ ስስ ሰብዉፈር አለ።

ሰብዉፈር ሲገባ የሚገኘው ሌላ ጥቅም ትናንሾቹ ስፒከሮች ከከባድ ሥራ መገላገላቸው ነው። ሃይ ፓሱን 80 ኸርዝ አካባቢ አድርጉ፤ ቤዙን ብቻ የሚያሳልፈውን የሰብዉፈሩን ሎው ፓስም እዚያው። የበር ስፒከሮቹ ወዲያው ይጠራሉ።

ራሴ መግጠም እችላለሁ?

ስፒከርና ቴፕ ትችላላችሁ። ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ ማላቀቂያና ትዕግሥት ይበቃል። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። አንዳንድ ነባር ቴፖች ኃይል ሲቋረጥ ኮድ ይጠይቃሉና ኮዱን ቀድማችሁ ፈልጉ። ቢጫ ሶኬት ያለውን ሽቦ አትንኩ፤ በአብዛኛው የኤርባግ ነው። በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ብርቱካናማው ሽቦ አደገኛ ቮልቴጅ ያለበት ነው።

የመኪናውን ሶኬት አትቁረጡ። ለሞዴሉ የተሠራ መገናኛ ሶኬት ርካሽ ነው፤ መኪናውን ስትሸጡም የድሮውን ቴፕ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ። ከገበያ የሚገዙ ቴፖች የሽቦ ቀለም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ቢጫ የማያቋርጥ 12 ቮልት፣ ቀይ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ ጥቁር ኔጌቲቩ ነው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት የየስፒከሩ ኔጌቲቭ ነው። መኪናው በጠፋ ቁጥር ቴፑ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚረሳ ከሆነ ቢጫና ቀዩ ተገላብጠው ሊሆን ይችላል።

ከገጠምኩ በኋላ ቤዙ ጠፋ። ለምን?

አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጧል። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚስብ ቤዙ ይጠፋፋል። ድምፁን በሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ስሙ። ለየብቻቸው ቤዝ ኖሯቸው አብረው ሲሆኑ ከጠፋ ችግሩ ይኸው ነው። የስፒከሩ ሽቦ ከቴፑ ከተነቀለ በኋላ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት አስነኩት። የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ለአምፕሊፋየር ርካሽ የሽቦ ስብስብ ይሆናል?

ገንዘብ መቆጠብ የሌለበት ቦታ ይህ ነው። ብዙ ርካሽ ስብስቦች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ናቸው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው። መግዛት ካለባችሁ እንኳ ከሚመከረው ወፈር ያለውን ውሰዱ። ቢቻል ንጹህ መዳብ ይሁን።

ከባትሪው ፖዘቲቭ በ45 ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ይግባ። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው በመንገዱ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ፣ ፊውዝ ከሌለው እሳት ይነሳል። ብረት ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍበትም ሁሉ ላስቲክ ይልበስ። ይህን ያለ ፊውዝ እገጥምልሃለሁ የሚል ሰው መኪናችሁን አይንካ።

ሞተር ሲነሳ ስፒከሩ ውስጥ ሲር የሚል ድምፅ አለ። እንዴት ይጠፋል?

ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ የሚቀጥን ድምፅ ከዲናሞው የሚመጣ ነው። የተለመደው መንስኤ ደካማ ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ አለመያያዙ ነው። የአምፑ ኔጌቲቭ የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ ፈግፍጉት፤ ሽቦውን አሳጥራችሁ በብሎን አጥብቁ። ካልጠፋ የአርሲኤውን ገመድ ከኃይል ገመዱ ለዩ፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይሂድ። ድምፅ ማጣሪያ የሚባለውን ዕቃ መግዛት የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አምፑ ላይ ያለውን "ጌይን" እስከ መጨረሻ ባዞረው ይጮሃል?

ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፑ ጋር ማስማሚያ ነው። ካለፈ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ድምፅ ኮይሉን ያግላል፣ ቀድሞ የሚሞተውም ትዊተሩ ነው። ብዙ ስፒከር የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ኢኳላይዘሩን ዜሮ አድርጉ። ጌይኑን መጨረሻ ድረስ ቀንሱ። የምታውቁትን ጥርት ያለ ዘፈን ክፈቱና ቴፑን ከሙሉ አቅሙ ሦስት አራተኛ ላይ አድርሱ። አሁን ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ ሻከር ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሱና ተዉት።

ባትሪዬን ይጨርስብኛል?

መጠነኛ አምፕሊፋየር፣ ሞተር ሲሠራ፣ በጤነኛ ዲናሞ ችግር የለውም። ሞተር አጥፍቶ ሰዓታት መጫወት ግን ባትሪ ይገድላል። የሞላ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ጠዋት ጠዋት ባትሪው ሞቶ የምታገኙት ከሆነ አምፑን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሰማያዊና ነጭ ሽቦ እዩ። ከቴፑ ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪ ከተያያዘ አምፑ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም።

ሁለት ስፒከር በአንድ መስመር ማገናኘት እችላለሁ?

ስሌቱን ሳትሠሩ አይሆንም። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ሲገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ ተከታትለው ሲገናኙ 8 ኦም። ኦም ሲያንስ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። አብዛኛው ቴፕ ከ4 ኦም በታች እንዲነዳ አልተሠራም፤ ይግላል፣ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። አምፕሊፋየር 2 ኦም ይችላል ቢባል እንኳ ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ ሲገጣጠሙ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። መመሪያውን አንብቡ፤ እዚህ ላይ ግምት አይሠራም።

ቴፑ ከመኪናው ስክሪን ጋር አንድ ስለሆነ አይነቀልም። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጡ። የስፒከር ሽቦን በቀጥታ የሚቀበሉ አምፕሊፋየሮች አሉ። ያ ከሌለው የስፒከሩን ምልክት ወደ አርሲኤ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ መሃል ላይ ይገባል። ሁለቱም ሲሆን የመኪናው ስክሪን ባለበት ይቆያል።

ወጥመዱ ሌላ ነው። አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች ድምፅ ሲጨምር ደካማ ስፒከሮቻቸውን ለማዳን ቤዙን በራሳቸው ይቀንሳሉ። ይህን ሳታውቁ ሰብዉፈር ብትጨምሩ ዝቅ ሲል ይመታል፣ ከፍ ሲል ይጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍታችሁ ድምፁን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ከሆነ ቦታ ጀምሮ ድምፃዊው ብቻ እየጮኸ ቤዙ ካልተከተለ መኪናችሁ ከእነዚያ አንዱ ነው። የተቀነሰውን የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። በጠበበ ገንዘብ መፍትሔው ቤዙ ገና ያልተቀነሰበትን የድምፅ ደረጃ ማግኘትና የአምፑን ጌይን በዚያ ላይ ማስተካከል ነው። ከዚያ በኋላ ቴፑን ከዚያ ደረጃ አታሳልፉት።